ያ ጭብጨባ የኔ ነው

ዝነኛ ዘፈን ሲቀዳ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ብዛት በየዓመቱ ይጨምራል። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እስካሁን የተቃወመኝ የለም። በቀረጻው ዕለት ክፍሉ ውስጥ ቢበዛ አንድ ደርዘን ሰው ነበር እንበል። ዘፈኑ ሲወደድ ሃምሳ ይሆናሉ። ዘፋኙ ሲሞት ደግሞ አዳራሽ አይበቃቸውም። እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ብቻ ጊታሩን ያዋሰ አለ፣ ግጥሙን ያረመ አለ፣ ዘፈኑ የተዘፈነላት ልጅ የአክስቴ ልጅ ናት የሚል አለ። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ «ለዘፋኙ ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ» ይላል። በዕድሜው ስናሰላው ያን ጊዜ ገና አልተወለደም።

የትኛውን ዘፈን እንደምል ታውቃላችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ከጠራሁት ቀኑን ሙሉ ስታንጎራጉሩ ልትውሉ ነው፣ እኔ ደግሞ ደክሞኛል። አፍቃሪው ልጅቷ ቤት መቀየሯን ሳያውቅ አሮጌው በር ላይ ቆሞ ሲለምን የሚውልበት ዘፈን ነው። የመጨረሻው አዝማች ሊገባ ሲል ሙዚቃው ሁሉ ቀጥ ይላል። ትንፋሽ የምታህል ዝምታ። ከዚያ አንድ ጭብጨባ ብቻውን ጧ! ይላል፣ ሌሎች እጆች ተንጋግተው ይከተሉታል፣ ከበሮውም ጊታሩም ግር ብሎ ይገባል። ሠርግ ላይ፣ ኳስ ሜዳ ላይ፣ የልጆች ልደት ላይ፣ እዚያች ቦታ ሲደርስ የማያጨበጭብ ሰው የለም። ልጄ መራመድ ሳይችል ነው ያቺን ጭብጨባ የቻላት።

ያቺን ጭብጨባ ያጨበጨቡት የሚስቴ አባት ናቸው። ማለቴ፣ እንደዚያ ይላሉ።

ሌላው ሰው እንዲህ ዓይነቱን ባለታሪክ ታክሲ ውስጥ ያገኘዋል፣ ጥቂት ፌርማታ ታግሶ ይሰማዋል፣ ወርዶ ይገላገላል። እኔ ልጃቸውን አገባሁ።

ክቡር ሊቀ ጭብጨባ (ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ በሌለችበት ነው የምጠቀምበት) ሙያቸው ልብስ ሰፊነት ነው። የሚያስቀና ልብስ ሰፊ ናቸው። እሳቸው የሰፉት ኮት ጎባጣውን ያቃናል፣ ቦርጫሙን ያከሳል። ግን ስለ ልብስ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ደንበኛው መስታወት ፊት ቆሞ፣ ግማሽ እጅጌው በመርፌ ተይዞ፣ እሳቸው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው «ይሄን እጅ ታየዋለህ?» ይላሉ። አለቀለት። ያ ሰው ከዚያ ሱቅ የሚወጣው ሲመሽ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ እሳቸው በአጭሩ አይነግሯችሁምና። ያን ጊዜ ቀረጻ እንደ ዛሬው አይደለም። አንድ ክፍል፣ ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ፣ መሃል ላይ አንድ ማይክራፎን። ዘፋኙ ማይክራፎኑ ሥር ይቆማል፤ ጊታሩ ራቅ ይላል፤ ከበሮው ድምፁ እንዳይውጣቸው ከኋላ ግድግዳ ጋር ይገፋል፤ አጨብጫቢዎቹ በሩ ጋ ይደረደራሉ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጫወታል፣ አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። አባባ በዚያ ቀን ለሸክላው ሽፋን ፎቶ የሚለበሰውን የዘፋኙን ኮት ሊያስለኩ ሄዱ። ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ቀርቶ ነበርና «ና ቁም እዚህ» ተባሉ። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያብጠው። ዘፈኑ ሲካሄድ፣ ይላሉ አባባ፣ አንድ ነገር እንደጎደለው ገባኝ። ዘፋኙ ዞሮ በዓይኑ ጠቀሰኝ። «ጠብቅ... ጠብቅ... አሁን! አልኩ ለራሴ።» ጧ! ሙዚቃ ዳነ።

ጋብቻችን አዲስ ሳለ ታሪኩ ይህችው ነበረች። ውሎ አድሮ ዘፋኙ አስቀድሞ ሐሳባቸውን ጠየቃቸው። ቆይቶ ግጥሙ ላይ አንዲት ቃል አስቀየሩ። አምና ደግሞ ዘፋኙ ከቀረጻው በኋላ ትከሻቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ዕድሜ ከሰጣቸው ዘፈኑን ራሳቸው መዝፈናቸው አይቀርም።

በሠርጌ ቀን ያደረጉኝን አልረሳም። ሙሽራዬን ይዤ እየደነስኩ ዘፈኑ ያቺ ቦታ ላይ ደረሰ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። አባባ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ማይክራፎኑን ከመድረክ መሪው እጅ ነጠቁ፤ ሙዚቃው ይቁም አሉ። «ዘገያችሁ!» አሉ። ከዚያ የተጠራውን ሕዝብ በሙሉ፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም፣ እስኪያስተካክል ድረስ አስደገሙት። እኔና ሙሽራዬ መሃል ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ እንደ ተበላሸ መኪና ቆመን፣ ጠበቅን። የቪዲዮ ቅጂው አለ። አንዳንዴ ስንጣላ ባለቤቴ ታወጣውና አብረን እንስቃለን።

ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ወስጃቸው ደግሞ፣ ሐኪሙ መንቀያውን አፋቸው ውስጥ አስገብቶ መጎተት ሲጀምር የክሊኒኩ ራዲዮ ዘፈኑን ለቀቀው። አባባ እጃቸውን ዘርግተው የሐኪሙን ክንድ ያዙ። አፋቸው ተከፍቷል፣ ደም አለ፣ ሐኪሙ ላብ በላብ ሆኗል። ጠበቁ... ጠበቁ... ከዚያ ክንዱን ለቀው አጨበጨቡ። ከዚያ «ቀጥል» ብለው በእጃቸው ጠቀሱት። «ምን አላቸው?» አለኝ ሰውዬው ቆይቶ፣ ነገሩ የጭንቅላት ችግር እንደሆነ በሚጠረጥር ድምፅ። «ዘፈኑን የሠሩት እሳቸው ናቸው» አልኩት። ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም።

የሚስቴ እናት፣ እማማ፣ ዘፈኑን ሲሰሙ ራዲዮ ይዘጋሉ። «ሰው ጣውንት መጣችብኝ ብሎ ሽማግሌ ይሰበስባል» ይላሉ። «የኔዋ ጣውንት በራዲዮ እየገባች ማንን ልክሰስ?»

እኔ? እኔ አላመንኳቸውም። እውነቱን ልናገር፣ አንድም ቀን አላመንኳቸውም። እንደ ሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር፤ ልዩነቱ የሳቸው እድሜ መድረሱ ብቻ። አማች ነኝና አንገቴን እነቀንቃለሁ፣ «ይገርማል!» እላለሁ፣ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ወደ በረንዳ እወጣለሁ። ስልኩ እንደ እኔ የሚጮህበት ሰው የለም።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን አንድ የራዲዮ ጣቢያ ስለ ዘፈኑ አሠራር ልዩ ዝግጅት እንዳለው አስተዋወቀ። እንግዳው ከባንዱ በሕይወት የቀረው ጊታር ተጫዋች ነው። አባባ ልባቸው ተሰቀለ። ለደንበኛው ሁሉ ተናገሩ፤ ለፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታቸው፣ ለመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ፣ ለቆሻሻ አንሺዎቹ ጭምር። «እንግዲህ ስሜን ከሱ አፍ ትሰሙታላችሁ» አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ሳሎን ተሰበሰበ። አባባ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው መጡ። ራዲዮ ለመስማት ማለት ነው። እማማ እንኳ ያን ቀን ሥራቸውን ትተው ተቀመጡ።

እኔ በበኩሌ ፈራሁ። ሰውዬው «እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም» ቢልስ? ልጆቹ ፊት ነው። ሚስታቸው ፊት ነው። በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ፣ ስልኬንም አዘጋጀሁ።

ጊታር ተጫዋቹ ድምፁ የሻከረ፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ነው። ስለ ክፍሉ አወራ፤ ብርድ ልብሱን፣ ሙቀቱን፣ ማይክራፎኑን። ሁሉም አባባ እንደሚሉት ነው። አባባ በየመሃሉ ወደ እኔ ዞር እያሉ ቅንድባቸውን ያነሣሉ። ጋዜጠኛዋ በመጨረሻ ጠየቀችው።

«ያቺን ዝነኛ ጭብጨባ ያሰበው ማነው?»

ሽማግሌው ሳቀ። ሲስቅ ሳል ያዘውና ቆይቶ መለሰ። «ኧረ የታሰበ ነገር የለም፣ ልጄ! ስሕተት ነው እኮ። ኮት ሊያስለካ የመጣ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። አጨብጫቢ ጎደለና በሩ ጋ አቆምነው። ዝም ማለት ያለብን ቦታ ላይ ደርሰን፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን፣ እሱ ሆዬ ጧ! አደረገው። ሌሎቹ ግራ ገባቸውና ተከተሉት። አንገቱን ልናንቀው ነበር!»

«ታዲያ ለምን አልደገማችሁትም?»

«በምን ጉሮሮ? ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት ድምፁ እየተዘጋ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዲት ስንኝ አልወጣውም። በቃ እንዲሁ ወጣ።»

«ልብስ ሰፊው ማን ይባላል?»

«አላውቅም። ኮቱ ግን ጥሩ ኮት ነበር።»

እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ነበሩ! ሰውዬው እውነትም እዚያ ነበሩ! ልጮህ ምንም አልቀረኝ። የሚስቴ ታናሽ እህት ሳቋ አመለጣት፤ ልጆቹም ተከተሏት፤ «አባባ ዘፈኑን አበላሽተውት ነው!» አለ የኔው ልጅ። እኔም ፈገግ ብዬ ወደሳቸው ዞርኩ። ፈገግታዬ እዚያው ደረቀ። አባባ ከረቫታቸውን እየፈቱ ነበር። ፈትተው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ «ሱቅ የተውኩት ነገር አለ» ብለው ወጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ታሪኩ ቆመ። አልጠቀሱትም። ሠፈር ደግሞ ምሕረት አያውቅም፤ ፀጉር አስተካካዩ ሲያልፉ እያየ እጁን ጧ! ያደርግባቸው ጀመር። ዘፈኑ ከጎረቤት ሲሰማ፣ ደንበኞቻቸው እንደነገሩኝ፣ አባባ የስፌት መኪናቸውን በባዶው ያስሮጣሉ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ። የሱቁን ራዲዮ ጠረጴዛ ሥር አስገብተው ጨርቅ አልብሰውታል።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። እሑድ ምሳ ላይ አፍ አውጥቶ የሚናገር ጠፋ፤ ማንኪያ ብቻ ነው የሚሰማው። በረንዳ መውጣት አላስፈለገኝም፤ ግን ወጣሁ፤ ውስጥ መቀመጥ ከበደኝ።

እማማ ሥራ ቦታ ደወሉልኝ። ደውለውልኝ አያውቁም።

«ልጄ፣ ሰውዬው ዝም ብሏል።»

«ተገላገሉ አይደል ታዲያ፣ እማማ?» አልኩ፤ ቀልዴ ነው።

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ጣውንቴ ከቤት ብትወጣልኝ ስል ኖርኩ። ወጣች። ሰውዬውንም ይዛው ሄደች። እባክህ ሂድና አናግረው፤ ሴት ልጆቹን እሺ አይልም።»

ወገቡ የጠበበኝን ሱሪ ይዤ ሱቃቸው ሄድኩ። ወገቡ በእውነት ጠቦኛል፤ ሰበብ ብቻ አይደለም። አባባ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው ስፌቱን ይፈቱ ጀመር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሄኔ ቀረጻው ክፍል ደርሰን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ሱቅ ምን እንደሚሸት አስተዋልኩ፤ የተተኮሰ ሱፍ፣ ካውያ፣ ጠመኔ።

«አባባ፣ ሰው ይሳሳታል እኮ» አልኩ። የማይረባ ነገር ነው የተናገርኩት።

«አልተሳሳትኩም» አሉ። ምላጫቸውን አስቀመጡ። «ማለቴ... ተሳስቻለሁ። ግን እሱ እንዳለው አይደለም።»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

የሱሪዬን ወገብ በእጃቸው ይዘው ነበር።

«ያለቀ መስሎኝ ነው» አሉ።

አልገባኝም።

«ዘፈኑ ያለቀ መስሎኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ሰው ፊቴ ቆሞ ሲዘፍን ሰምቼ አላውቅም። ዘፈን የምሰማው በግድግዳ በኩል ነው፣ ከጎረቤት ራዲዮ፤ ግማሹን። ያ ሰው እዚህ ድረስ ቀርቦ፣ አንተ የቆምክበት ድረስ፣ ያን ሁሉ ሲል አንጀቴን በላው። አጨብጫቢ መሆኔንም፣ የት እንዳለሁም ረሳሁት። ድንገት ዝም አለ። አለቀ አልኩ። አንተ ብትሆን ደስ ያለህ ዘፈን ሲያልቅ ምን ታደርጋለህ?»

«አጨበጭባለሁ።»

«አጨበጨብኩ።» እጃቸውን ገልጠው አዩት፤ ለኔ ለማሳየት ግን አልነበረም። «ከዚያ ሁሉም ዞረው አፈጠጡብኝ። ዘፈኑ ግን ቀጠለ። ሲያልቅ ያ ጊታረኛ ጊታሩን ይዞ መጣብኝ። ኮቱን ወንበር ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ልብሱን ሳላስለካ!»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገሩንም?»

«ምን ብዬ? ሸክላው ወጣ፤ ሰው ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ማጨብጨብ ጀመረ። ጎረቤቴ ‹ይህን ያሰበ ሰው ሊቅ ነው› አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። አንዴ ካልክ በኋላ መመለሻ የለውም። ደግሞ ሠራሁት ሲሉ ሰው ይሰማል። ወደድኩት ብልስ? ሁሉም ወዶታል። እኔ ከማን እበልጣለሁ?»

ሱሪዬን አንስተው ስፌቱን መፍታት ቀጠሉ። በምጽፍበት የጋዜጣ ዓምድ ስንቱን ሰው እየሳልኩ ስቄበታለሁ፤ አፍ አያጥረኝም። ያን ሰዓት ግን እጃቸውን ማየት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ያ ዘፈን ለስንት ሠርግ፣ ለስንት እርቅ፣ ለስንት የተሰበረ ልብ ተጨብጭቦለታል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ ገና ዘፈን ሆኖ እንኳ ሳያልቅ፣ ደስ ብሎት ያጨበጨበለት አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ፊቴ ተቀምጦ ሱሪዬን ያሰፋል። ወደድኳቸው። ሌላ የማሳምርበት ቃል የለኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ምሳ ላይ እንግዳ ነበረን። የሚስቴ ታናሽ እህት እጮኛዋን ለማስተዋወቅ ይዛው መጣች፤ ትሑት ልጅ ነው፣ የተሰጠውን ሁሉ ይበላል። ምግቡ ተነሥቶ ሳለ ዘፈኑ ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት መጣ። ሁላችንም አቀረቀርን። እማማ መስኮቱን ሊዘጉ ተነሡ። አባባ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ እንደሚሰፋ ጨርቅ በጣታቸው ያስተካክላሉ። ያቺ ቦታ ደረሰች፤ ጧ! አለች፤ ማንም አላጨበጨበም።

«ይህን ጭብጨባ ማን እንዳጨበጨበው ታውቃለህ?» አልኩት እንግዳውን።

አፌ ነው ያለው፤ እኔ አልላክሁትም። ባለቤቴ እግሬን በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ።

«አላውቅም» አለ ልጁ።

«እሳቸው ናቸው። በዓለም ላይ ያንን ዘፈን ከማንም በፊት የወደደው ሰው አባታችን ናቸው። እንዴት መሰለህ፣ አንድ ክፍል ነው፣ ግድግዳው ብርድ ልብስ፣ እና ዘፋኙ...»

«ወይ ጉዴ!» አሉ እማማ መስኮቱ ጋ እንደቆሙ። «አንዱ ሲተወኝ ሌላው ጀመረኝ!» መስኮቱን ግን አልዘጉትም።

«... ዘፋኙ በሩ ጋ ቆሞ...»

«በሩ ጋ አይደለም» አሉ አባባ፣ ሳያዩኝ፣ በቀስታ።

«ጊታሩን ይዞ...»

«የምን ጊታር? ዘፋኙ ጊታር አልያዘም!» ቀና አሉ። «የማታውቀውን ነገር አታውራ እንጂ! ተወው፣ ልጄ፣ እሱ አልነበረም፤ እኔ ልንገርህ።» ወንበራቸውን ወደ እንግዳው ጎተቱ። ትንሽ አመነቱ፤ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ጀመሩ። «እኔ በዚያ ቀን ኮት ይዤ ነው የሄድኩት። ስለ ዘፈን የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረም...»

ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ አጠፋሁትና ተቀመጥኩ። ታሪኩ በጣም ረጅም ነበር።